በጠራራ ፀሐይ የጉም ክላክስ

እኛ ቤት ሁልጊዜ ከአባቴ ቀድሞ የሚገባው ክላክሱ ነበር። ከጎሬ በኩል መጥቶ ዳገቱን ሲጨርስ፣ መቱ መግቢያ ላይ ሁለት ረጅም አንድ አጭር ያደርጋል። በከተማችን እያንዳንዱ ሹፌር የራሱ አደራረግ ነበረው፤ ሚስቶች የባላቸውን ከሌላው ለይተው ያውቁታል። ሲሰሙ የእግር ውኃ ይጣዳል፣ የግቢው በር ይከፈታል። እናቴ ግን የባሏን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ሁሉ ታውቅ ነበር። ክረምት ላይ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ፣ "ይኼ ከገበያው ጀርባ ያለው ነው፣ ገባ። ይኼ የረጅሙ ልጅ ነው፣ ገባ። የእኔውስ?" ትላለች። "የእኔውስ" ካለች በኋላ ቤት ውስጥ ደፍሮ የሚናገር አልነበረም። ስጋትን የተማርኩት ከእሷ ነው። እስከ ዛሬ የምወደው ሰው ከዘገየብኝ ሰዓት አላይም፤ ጆሮዬን ነው የማቆመው።

የኢሉባቦር ሰው መኪና ይወዳል ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ፤ ጭቃችንን አላዩም። ዝናብ እንደዚያ በሚወርድበት አገር ጭቃ ውስጥ ገብታ የምትወጣ መኪና እንደ ዘመድ ነው የምትታየው። የአባቴ ላንድሮቨር በዕድሜ ትበልጠኛለች። ከዳሪሙ ምጥ የያዛት ሴት አምጥታለች፣ ከኖፓ ሙሽራ አምጥታለች፣ ቡናማ ምን ያህል እንዳመጣች እግዜር ይወቀው። አዲስ መኪና የገዛ ሰውም ዝም ብሎ ሥራ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ለከተማው ያሳያል። ከኳስ ሜዳው ተነስቶ በገበያው በኩል፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ከተማውን ይዞራል። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ኮፈኖዋ ላይ ጣል አድርገው ይመርቃሉ፣ ልጆች ይከተላሉ፣ አዋቂ ነን ባዮች ደግሞ ጎማዋን በእግራቸው መታ መታ እያደረጉ ይተቻሉ። ሌላው አገር የመኪና ትርኢት የሚለው እኛ ዘንድ ይኼ ነበር።

ስለ ጉሙም መናገር አለብኝ። በጎሬ መንገድ ጉም ሲወርድ ሹፌር የገዛ ኮፈኖው አይታየውም። በኦሮምኛ ሁሪ ይሉታል፤ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ሹፌሮችም ስሙን ከጓደኞቻቸው ወስደው ሁሪ ነው የሚሉት። ሁሪ ሲመጣ ብቻውን የሚሄድ የለም። ቆመው ይጠባበቁና በሰልፍ ይወጣሉ። ፊት ያለው መንገዱን እያነበበ በክላክስ ለኋለኞቹ ይነግራል፦ አንድ አጭር ወደ ግራ ያዝ፣ ሁለት አጭር ወደ ቀኝ፣ አንድ በጣም ረጅም ቁም። ከኋላ ያለው ማየት አይጠበቅበትም፤ መስማትና ማመን ብቻ ነው ያለበት። ፊት የሚሆነው መንገዱን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ፊት የሚሆነው አባቴ ነበር።

አስፋልቱ ወደ እኛ እየቀረበ በነበረበት ጊዜ አባቴ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ማፍሰስ ጀመረ። እኔ ያን ጊዜ አስተማሪ ሆኛለሁ፣ ገና ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። እየለመንኩም እየተጣላሁም ጅማ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ፤ የግራው አልቋል፣ የቀኙም እየጠበበ ነው፣ ከአሁን በኋላ መኪና መንዳት የለም። ስንመለስ አውቶቡሱ በደሌ ላይ ሲቆም አባቴ፣ "ለእናትሽ ንገሪያት። ሌላ ሰው ከሰማ ግን አባት አለኝ እንዳትዪ" አለኝ።

ነገርናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና እናቴ አንድ ምስጢር ተሸክመን እንውላለን፣ አንድ ፍርሃት ታቅፈን እናድራለን። እሱ መንዳቱን አልተወም። ከዚህ መለስ ያለ አጭር መንገድ ነው ይላል፣ ፀሐይ እያለ ነው ይላል፣ የሚለው አያጣም። እውነት ለመናገር ያንን የጠጠር መንገድ የሚያየው በዓይኑ ሳይሆን በመቀመጫው ነበር። የቱ ጉድጓድ ከቱቦው በፊት እንዳለ፣ የቱ ድንጋይ ጎማውን ነክቶ መታጠፊያ መድረሱን እንደሚናገር በሰውነቱ ያውቃል። አስፋልቱ ሲገባ ያ ሁሉ ተደፈነ። መንገዱ ለስላሳ ሆነ፤ ዝም አለ። አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ ሳለ፣ "አሁን ምንም አይነግረኝም እኮ" አለኝ፣ ቅሬታ ባለው ድምፅ። መቱ ላይ በአስፋልቱ የተናደድኩ ብቸኛ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ታዲያ የዚያኑ አስፋልት መግባት ለማክበር የከተማው ሰዎች ኮሚቴ አቋቋሙና የመኪና ትርኢት ይሁን አሉ። ከአሮጌ እስከ አዲስ ያለው ሁሉ ተሰልፎ፣ ከጎሬ መውጫ ጀምሮ በገበያው አልፎ ኳስ ሜዳው ይገባል። ፊት የምትመራው በዕድሜ ትልቋ መኪና ናት። ቤታችን መጥተው ለአባቴ ሲነግሩት እናቴ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር፤ የሻዩን ብርጭቆዎች ሳታድል ወደ ጓዳ መለሰቻቸው። አባቴ ግን እንደ ሙሽራ ደስ ብሎት እሺ አለ።

ያለፍንበትን ሳምንት ባልናገረው ይሻለኛል። እናቴ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ለስለት ማርያም ሄደች። እኔ፣ "አባዬ፣ መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ይሞላል፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ አንድ ልጅ ብትነካስ?" አልኩት። "ነክቼ አላውቅም" አለኝ። ጭራሽ እናቴ የዋዜማው ዕለት የመኪናዋን ቁልፍ ወስዳ የጤፉ እንስራ ውስጥ ቀበረችው። ጠዋት አባቴ ቁልፉን ፈልጎ አልጠየቀም እንኳ። ያቺ መኪና ቁልፍ ካየች ዘመን የላትም፤ በጠፍጣፋ ብረት ቆስቁሶ አስነሳት። እናቴ እንስራው አጠገብ ቆማ ሞተሩን ስትሰማ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

"አንቺ አብረሽው ግቢ" አለችኝ። "እኔ አልወጣም። እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ።"

ጉም የሚባል ያልነበረበት፣ ሰማዩ ወለል ያለ ቀን ነበር። ከዳሪሙ በእግር የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ አስፋልቱን ግራና ቀኝ ሞልተውታል። ከኋላችን የቆመው አይሱዙ ነው፤ ሹፌሩ በወጣትነቱ ለዓመታት የአባቴ ረዳት የነበረ፣ መንዳትም ከእሱ የተማረ፣ አሁን የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። ከእሱ ኋላ ሌሎቹ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሰልፈዋል። ከመነሳታችን በፊት የአይሱዙው ሹፌር መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ደህና አደሩ?" ብሎ አባቴን ጨበጠው፤ እጁን ቶሎ አልለቀቀም። እኔን አየኝ። ያን ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ተነሳን። እኔ ያቀድኩት በጆሮው ቀስ እያልኩ ልመራው ነበር። ግን የአንዱ መኪና ድምፅ ማጉያ ዘፈን ለቀቀ፣ ሕዝቡ እልል አለ፣ የእኔ ድምፅ የት ይሰማል! "ወደ ቀኝ አባዬ" እላለሁ፤ እሱ ፈገግ ብሎ ፊት ለፊት ያያል፣ ወይም የሚያይ ይመስላል። መጀመሪያው ደህና ነበር። ገበያው ጋ ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ሰዉ ወደ መሃል ገፍቶ ስለነበር መንገዱ ጠበበ፣ መኪናዋም አባቴ ማየት ወደማይችልበት ወደ ግራ በኩል ትንሽ ትንሽ መሳብ ጀመረች። በግራ በኩል ደግሞ ሴቶች ልጆቻቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። እግሮቻቸው መንገዱ ላይ ነበሩ። አንዲት ቢጫ ሹራብ የለበሰች ሕፃን ለአባቴ እጇን ታውለበልባለች። አባቴ አላያትም። ጮህኩ፤ እልልታ መሰላቸው መሰለኝ፣ እነሱም ጨመሩበት። እጄን ወደ መሪው ሰደድኩ።

ያኔ አይሱዙው ከሰልፉ ወጣ። በቀኛችን በኩል፣ አባቴ ትንሽ በሚያይበት በኩል፣ እየጮኸ አለፈን። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ባለ በሌለ ድምፁ፣ "ጋሼ! ሁሪን ጅራ!" አለ። ጉም አለ ማለቱ ነው። ሕዝቡ ሰማዩን እያየ ሳቀ። እሱ ከፊታችን ገባና ሁለት አጭር አደረገ።

አባቴ ወዲያው ወደ ቀኝ ያዘ። ቢጫዋ ሹራብ በአባቴ መስኮት ባሻገር አልፋ ወደ ኋላ ቀረች፤ እጇን አሁንም ታውለበልባለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ሁሉ በቁጣ አየው። ትናንት የመጣ አይሱዙ የሽማግሌውን መኪና ቀድሞ፣ ሰልፍ አበላሽቶ፣ ክላክሱን እያንባረቀ ፊት ፊት ይሄዳል! "ባለጌ!" አሉት። "ያሳደገውን ሰው!" አሉት። የውኃ ላስቲክ የወረወረበትም ነበር። እሱ ግን አንድ አጭር፣ ሁለት አጭር፣ እንደገና አንድ አጭር እያለ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ የጉም ክላክስ እያደረገ ቁልቁለቱን ወረደ። አባቴ አንገቱን ወደ አንድ በኩል ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። መሪውን አንቆ የነበረው እጁ ላላ። በሕይወቴ አባቴ ከሰው ኋላ ሲነዳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኳስ ሜዳው ውስጥ ገባን፤ አንዱ በጣም ረጅሙ ተሰማ፣ አባቴም ቆመ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ እየሮጠ መጥቶ አይሱዙው ላይ ጮኸ። "ሽማግሌ አይከበርም? እንግዳ ፊት ታዋርደናለህ?" ሹፌሩ ወርዶ አንገቱን ደፋ። "ይቅርታ" አለ። አባቴ ወረደና የመኪናዋን ጎን በእጁ እየዳሰሰ ሄዶ፣ "ተዉት" አለ። "ጉም ነበር።" ሁሉም ሳቀ፤ ቁጣው በረደ፤ የአባቴን ጨዋታ ወደዱለት። ሹፌሩ ብቻ አልሳቀም።

ለብቻው ሳገኘው፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?" አልኩት።

"አስፋልቱ ከገባ ጀምሮ" አለኝ። "እኔ ብቻ ሳልሆን ሹፌሩ ሁሉ ያውቃል። ጋሼ መኪና ይዘው ሲወጡ አንዳችን ከኋላ እንከተላቸዋለን፤ ተራ አለን። ሲያፍሩ ፊታቸውን ማየት ስለማንችል ነው ዝም ያልነው።"

እኔና እናቴ ብቻችንን የተሸከምነው የመሰለንን ያንን ፍርሃት ሰው በተራ ሲሸከምልን ኖሯል። ሳላስበው እንባዬ መጣ፤ አፈርኩ፤ ፊቴን አዞርኩ። ሰዉ ግን ለዓመታት ያንን ሰው "ጋሼን የቀደመው" እያለ ሲያማው ኖረ፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ አላስተባበለም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ምንም ሳይባል ወደ ቀኙ በር ሄዶ ገባ። ሹፌሩ አይሱዙውን ለጓደኛው ትቶ የእኛን መሪ ያዘ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። በራችን ጋ ስንደርስ አባቴ እጁን አሻግሮ ሁለት ረጅም አንድ አጭር አደረገ።

በሩ ተከፍቶ ነበር የቆየን። እናቴ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጨብጣ መሃል በሩ ላይ ቆማለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ለማንም ሳይሆን፣ "በዚህ ፀሐይ ሁሪ ሰማሁ" አለች። "ሁሪ ሰማሁ እኮ።"

"አይዞዎት እትዬ" አላት ሹፌሩ።

አባቴ በቀኙ በር ወረደ። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ከዚያች መኪና በዚያ በኩል ሲወርድ አይታው አታውቅም። እሱን አየችው፣ መሪው ላይ ያለውን ሰው አየች፣ እንደገና እሱን አየችው። ከዚያ ከሩቅ መንገድ በመጣ ቁጥር የምትለውን አለችው።

"እንኳን ገባህ።"

እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን እስኪያገኝ ድረስ ፈለገ።

"ገባሁ" አላት። "በቃ፣ ገባሁ።"