የአጵሎስ ሟርት

ሽጉጤ ተሰዶ ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ለሰፈሩ ሰው መሸጥ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሌባ አይፈራም፣ ፖሊስ አይፈራም። የሚፈራው የሚስቱን ወንድም፣ አብሮት የሚሠራውን የአጵሎስን አፍ ነው።

ሟርት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ የተማሩት ከመጽሐፍ ይፈልጉት፣ እኔ ከሰው አፍ ነው የለቀምኩት። ክፉውን ሳይመጣ መጥራት ነው። እናት ልጇን «ጉንፋን ሊይዝህ ነው» ስትል፣ ጎረቤቷ «ኧረ አታሟርቺበት!» ትላታለች። አንዴ ሜይፌር የሚባለው ሰፈር ውስጥ እኔ ራሴ ሁለት ሟርተኛ አስታርቄ... ተዉት፣ ወደ ሽጉጤ።

አጵሎስ «ዱቄቱ ውስጥ አይጥ ትገባለች» አለ፤ ገባች። «የበሩ ቁልፍ ይሰበራል» አለ፤ ተሰበረ። ሽጉጤ ይጠረጥር ጀመር። ይሄ ሰው አይቶ ነው ወይስ ጠርቶ? ሱቄን ተመኝቶ ይሆን?

አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ አጵሎስ የዶሮውን ፍሪጅ አየና፣
«ንቀለው፤ መብራቱ ሲመለስ ያቃጥለዋል» አለ።

ሱቁን አቁሞ የያዘው ያ ፍሪጅ ነው። ዶሮ ከሌለ ደንበኛው ሁሉ ማዶ ወዳለው ባለሱቅ፣ ወደ አብዱልመጂድ ይሄዳል።

«በኢየሱስ ስም ይሰበር!» ብሎ ሽጉጤ ሲጮህ፣ ዳቦ የሚገዙት ጎጎ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ በአገራቸው ቋንቋ «ሃይቦ!» ብለው በድንጋጤ ዘለሉ። «አፍህንም እጅህንም ከፍሪጄ ላይ አንሳ! ሁለተኛ ካሟረትክ ሻንጣህን ይዘህ ውጣ!»

«እሺ፣ ወንድሜ።»

ያን ቀን ምንም አልሆነም። በሳምንቱ ግን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሶኬቱ ጨሰ፣ ፍሪጁም ከነዶሮው ተቃጥሎ ቀረ።

«ሶኬቱ ከማክሰኞ ጀምሮ ይግል ነበር» አለ አጵሎስ፣ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አታሟርት አላልከኝም?»

ሚስቱ በለጥሽ ሳቋ አመለጣት። «የወንድሜን አፍ ሰፍተህ፣ አሁን ደግሞ ለምን ዝም አለ ትላለህ?»

ሽጉጤ አማቹን ከላይ እስከ ታች አየው። ሲናገርም ያጠፋል፣ ዝም ሲልም ያጠፋል። ቢሆንም ሱቁ በዚህ ከቀጠለ አይተርፍም።

«በል ተናገር። ሌላ ምን አይተሃል?»

«ጣሪያው ላይ ያሉት ድንጋዮች ተንሸራተዋል። ነፋስ ከመጣ ቆርቆሮው ይሄዳል።»

ሽጉጤ ጥርሱን ነክሶ መሰላል ተዋሰ። አንድ እግሩን አነሳ፣ አጵሎስን አየ፣ መልሶ አወረደው።

«አንተ ውጣ፤ እኔ እይዛለሁ። ስለ መሰላሉ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»