የአያናው ቆርቆሮ

ባለፈው ሰኞ የልጅ ልጄ ሙሉቀን ከሰቲት ደወለልኝ። ዓምና ሰሊጥ አጭዶ ተመልሶ ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ ለአረሙ ሄደ። ገና «ደኅና ነህ ወይ?» ከማለቴ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደና የልጁ ድምፅ ጠፋብኝ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ ወደ ደጅ ወጣሁ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ወደ ቤት ይገባል፣ እኔ እወጣለሁ። ጎረቤቶቼ አሮጊቷ ጃጀች ይሉኛል፤ ይበሉ። ከዚህ ክዳን ሥር አንድ ጊዜ ሳልሰማ የቀረሁት ነገር አለ።

ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አያናውን ካገባሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ቤታችን ከወረታ ወዲህ፣ ሜዳው ላይ ነው፤ የርብ ወንዝ ሲሞላ ውሃው ደጃችን ድረስ ይመጣል፣ ከላይ ደግሞ የሣር ክዳኑ ያፈሳል። ሰቲት በሚባል በረሃ ሰሊጥ የሚያጭድ ሰው ይፈለጋል ተባለና ጎረምሳው በጭነት መኪና እየተጫነ ይሄድ ጀመር። የተመለሰው ባትሪና አቡጀዲ ይዞ ይመጣል፣ ጠንከር ያለው ቆርቆሮ። ከዚያ በፊት እህላችን የሚታጨደው በወንፈል ነበር፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ወንዶቹ ሲሄዱ ወንፈሉ ሳሳ፤ ከተመለሱትም አንዳንዶቹ ያለ ብር ማጭድ አላነሣም አሉ። ሽማግሌዎቹ አዘኑ። እኔ አላዘንሁም፤ ዓይኔ የጎረቤታችን አዲስ የቆርቆሮ ክዳን ላይ ነበር።

አያናው መሄድ አልፈለገም። ላሞቹን በየስማቸው እየጠራ የሚያመሽ፣ ከሜዳው ርቆ የማያውቅ ሰው ነበር። የገፋሁት እኔ ነኝ። ነሐሴ ላይ የጓያ ወጥ አቅርቤለት ከጣሪያው ጥቁር ጠብታ ሳህኑ ውስጥ ወደቀች። «ወንድ ያለበት ቤት እንዲህ ያፈሳል?» አልሁት። ጠብታዋን በእንጀራው ጠርጎ በላ። መስቀል በዋለ በሳምንቱ ሄደ።

ለጥምቀት ተመለሰ። ቆርቆሮው ከወረታ በአህያ ተጭኖ ሲገባ እልል አልሁ። ማታ ማታ ግን ገላው ይተኩስ ነበር። «ምንም አይደል፤ ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው» ይለኛል። ሁዳዴ ገባ። ሰው ሁሉ በጾሙ ሲከሳ የአያናው ሆድ ወደ ፊት ገፋ። ወንዶቹ ሰቲት ምን ብታበላው ነው፣ ጾም እንኳ የማያጎድልበት እያሉ ቀለዱበት፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ክንዱ መቅጠኑን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። በግራ ጎኑ፣ ከጎድኑ በታች፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ነበር።

ፋሲካ እንዳለፈ አማቴ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ቆርቆሮው ገና አልተመታም። እንሽጠውና ጎንደር ሐኪም ቤት እናድርሰው።»

«አባባ፣ መጀመሪያ ወንዛዬ ይሞክር» አልኋቸው። «ፍል ውሃው ስንቱን አድኗል።»

ወንዛዬን አምኜ አልነበረም፤ ለቆርቆሮው ሳስቼ ነው። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ የተናገርሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በበቅሎ ወሰድነው። ሰባት ቀን ከፍል ውሃው ገባና ቀለለኝ አለ። ለእኔ ብሎ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። እንደተመለስን ጎረቤት በደቦ ተሰበሰበ፤ ሣሩን አፍርሰው ቆርቆሮውን መቱት። አያናው ዋርካው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ሲመታ ያይ ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጓዳ ሆኜ አጥሚት አማስልለት ነበር። በእኔና መደብ ላይ በተኛው አያናው መካከል አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ሲያስተጋባ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። አጥሚቱን ይዤ ስወጣ አያናው ከመደቡ ወርዶ ጓዳው በር ላይ ወድቋል፤ ከአፍንጫው ደም ይፈሳል። ቀና አደረግሁት።

«ጠራሁሽ እኮ» አለኝ።

ሌላ አልተናገረም። ሳይመሽ አረፈ። ሣር ክዳን ቢሆን ኖሮ እሰማው ነበር።

በሆዴ የነበረው ልጅ ኅዳር ላይ ተወለደ፤ የሙሉቀን አባት እሱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስሰማ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። አያናውን የገደለው ያ የሰቲት በሽታ አሁን ስምም መድኃኒትም አለው ይላሉ። ሜዳው ሩዝ በሩዝ ሆኗል፣ ሣር ክዳን ፈልጎ የሚያገኝ የለም፣ ልጆቹ ግን ያንኑ መንገድ አልተዉትም። ብሩ ይመጣል፣ በሽታውም አብሮት ይሳፈራል።

ሰኞ ዕለት ዝናብ እየወረደብኝ ደጅ ቆሜ «ምን አልህ?» አልሁት።

«ምንም አይደል እማማ፤ ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው።»

ግራ ጎኑን እንዲዳብስ ነገርሁት። «ጠጥሯል» አለኝ።

«ዛሬውኑ ተሳፈር» አልሁት። «ጎንደር ሐኪም ቤት እጠብቅሃለሁ።»

«ገንዘቡስ፣ እማማ?»

ቀና ብዬ ክዳኑን አየሁት። ዝጓል፤ ቢሆንም የሚገዛው አይጠፋም።

«ቆርቆሮው አለ» አልሁት።