መስኮቴን አይተህ ና

ኃይል የሚቆጥብ ቤት የገንዘብ ጉዳይ ነው ይባላል። አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው የሚሠራውን ቤት በዚህ ከተማ ስመለከት ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ ጠዋት ሂተር፣ ከሰዓት ቬንቲሌተር፣ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግቶ አምፖል የሚያበራ ቤት ነው። ጣሪያው ላይ ሶላር ቢደረድሩበትም ነገሩ አይለወጥም። ፀሐይን በመስኮት ከልክሎ በጣሪያ መለመን ነው።

ይህን የተማርኩት ሩቅ አገር ሄጄ አይደለም። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ቢያንስ አንድ ትልቅ ወንዝ ይሻገራሉ። እኔ የተሻገርኩት ሦስት ታክሲ ነው፤ ከመካኒሳ አቦ ላፍቶ፣ ከላፍቶ ሐና ማርያም፣ ከሐና ማርያም ፉሪ። ከክፍለ ከተማችን የራቅኩ እንኳ አይመስለኝም። የላከችኝ እናቴ ናት።

መካኒሳ አቦ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ወሩ ኅዳር ነው። እናቴ የላፍቶውን ቤታችንን ከለቀቀች ጀምሮ የምትኖረው እኔ ጋ፣ በተከራየኋቸው ሁለት ክፍሎች ነው። ክፍሎቹ ከአከራዬ ፎቅ ጀርባ ስለሆኑ ፀሐይ አያውቃቸውም። እናቴ ቤት ውስጥ ሁለት ጋቢ ደርባ ትውላለች፤ ጉልበቷ ሲጠዘጥዛት ደግሞ ከግቢው በር ውጭ ወጥታ፣ አስፋልቱ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሞቃለች። አላፊ አግዳሚው ምጽዋት ሊሰጣት የሞከረበት ቀን አለ። 

ታናሽ እህቴ ስንዱ ፉሪ ላይ ቤት እየሠራች ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ያሳለፈችው ዕድሜ ነው ብሎኬት የሆነው። ከቤቱ አንዱ ክፍል የእናታችን ነው፤ የዚያ ክፍል የመስኮት ደፍ በዚያ ቀን ሊገነባ ነበር።

«ና ወዲህ» አለችኝ እናቴ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንድ ሲባጎ ከትከሻዋ ወደ ወለሉ አወረደች፤ ጫፉ መሬት ሲነካ ትከሻዋ ጋ ቋጠረችው።

«የመስኮቱን ደፍ ከዚህ በላይ እንዳያስነሱብኝ። ተቀምጬ ሰው ማየት እፈልጋለሁ።»

«እማዬ፣ ግንበኞቹ ሜትር አላቸው እኮ።»

«ሜትሩ እኔን ያውቀኛል?»

ሲባጎውን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

«ፀሐይ እንዲገባበት ስንዱ ቃል ገብታልኛለች» አለችኝ በሩ ላይ። «መስኮቴን አይተህ ና።»

ላፍቶ፣ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል

ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጥኩና በስንጥቅ ያህል ከፈትኩት። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ ጭንቅላታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

«ወንድሜ፣ ዝጋው፤ በጠዋቱ ምች ልታስመታን ነው?»

«ትንሽ አየር ይግባ ብዬ ነው እናቴ።»

«አየር ከፈለግክ ውረድና በእግርህ ሂድ» አለ ረዳቱ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ዘጋሁት። ቤት ስንሠራ ግድግዳውን ሙሉ መስታወት የምናደርግ፣ ከሠራነው በኋላ አንዱንም የማንከፍት ሕዝብ ነን።

ላፍቶ ወርጄ የሚቀጥለውን ታክሲ ከመያዜ በፊት፣ ሳላስበው እግሬ ወደ ድሮው ሰፈራችን ወሰደኝ። «ሳላስበው» ያልኩት ለወጉ ነው። ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። ከታች የቀለም መሸጫ ሱቅ አለው።

አባቴ የሠራው ቤት ጭቃ ቤት ነበር። አጣና፣ ጭድ የተቦካበት ጭቃ፣ ቆርቆሮ። ግድግዳው በየዓመቱ ሲመረግ እየወፈረ ሄዶ ክንድ ይሞላ ነበር፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልስልን ነበር። በሩም መስኮቱም ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ በደፉ ላይ ትገባና ወለሉን እየሳበች ወደ እናቴ ሰንዱቅ ትሄዳለች። ሰዓት አልነበረንም። «ፀሐይዋ ሰንዱቁ ጋ ሳትደርስ ተነሥ!» ትለኝ ነበር እናቴ። ከደረሰች ትምህርት ቤት ረፍዶብኛል ማለት ነው።

ቁንጫም ነበረበት። በክረምት ያፈሳል፤ እንግዳ ሲመጣ ሳህን ማሸሽ የዘወትር ሥራዬ ነበር። ናፍቆት መጥፎ መሐንዲስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቁንጫውን ትቶ ፀሐይዋን ብቻ ያስባል። ሆኖም ቀለም መሸጫው ውስጥ ገብቼ፣ ሰንዱቁ የነበረበትን ቦታ በእርምጃ ለካሁት። የሻጩ ባንኮኒ ሥር ነው። ሻጩ «ምን ልርዳዎት?» ሲለኝ የነጭ ቀለም ዋጋ ጠየቅኩና ተወደደብኝ ብዬ ወጣሁ።

ፉሪ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከሐና ማርያም የያዝኩት ታክሲ አስፋልቱ ሲያልቅ አወረደኝ። ከዚያ ወዲያ ኮረኮንች ነው፤ የአሸዋ ክምር፣ የብሎኬት ክምር፣ በመሃል ገና ያልታጨደ የጤፍ ማሳ ቁራጭ። የስንዱ ቤት የመንገዱ ምሥራቅ ዳር ላይ ነው። የፊት ክፍሎቹ እስከ መስኮት አናት ተገንብተዋል፤ የኋላዎቹ ገና ናቸው፤ ጣሪያ የለውም።

«ጋሼ መጣህ!» አለች ስንዱ። ጃኬት ላይ ጃኬት ደርባ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታለች። «ና የእማዬን ክፍል እይ።»

ክፍሉ ከፊት ነው፤ ከሳሎኑ ጎን፣ ወደ መንገዱ የሚያይ። የመስኮቱ ክፍት ቦታ በር ያህላል፤ የቀረው ደፉ ብቻ ነው።

«ሁሉን እያየች ትቀመጣለች። የሚያልፈው ሁሉ ይሰግድላታል» አለችኝ። ዐይኗ እንባ አቅርሯል፤ ወይ ከደስታ፣ ወይ ከብርዱ። ክፍሉ ውስጥ ቆመን ትንፋሻችን ይታይ ነበር።

«ፀሐይዋ የታለች?» አልኳት።

«ትመጣለች እንጂ። ኦቦ ገመቹ ቤት ገብተህ አላየህም? የሳቸው ፕላን ነው እኮ። ቁጭ አድርጌ ነው ያስቀዳሁት፣ አንድ ሳይቀር።»

ኦቦ ገመቹ ከመንገዱ ማዶ ይኖራሉ። አካባቢው ሁሉ የቤተሰባቸው እርሻ ነበር፤ አሁን ግማሹን ያርሳሉ፣ በግማሹ ላይ ከልጆቻቸው ጋር ቤት ሠርተው የወተት ላም ያረባሉ። ስንዱ የወደደችው የሳቸው ሳሎን ነው። ስማቸውን ሲሰሙ በረንዳቸው ላይ ሆነው በእጃቸው ጠሩን።

ተሻገርን። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ፀሐይዋ የስንዱን ጅምር ቤት አናት አልፋ ፊት ለፊት መጣችብን። ትኩስ ወተት ቀረበልን። ሳንጨርስ ስንዱ አንዱን ጃኬት አወለቀች፤ ትንሽ ቆይታ ሁለተኛውን።

«ስንዱ» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ «ሁልጊዜ እኔ ቤት መጥተሽ ነው የምታወልቂው። ሰው ምን ይለናል?»

«ኧረ ኦቦ!» ብላ አፏን ያዘች።

«የእኔ ቤት ፊቱ ወዴት ነው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ወደ መንገዱ።»

«መንገዱን ተወው። ወዴት ነው?»

«ወደ ምሥራቅ።»

«የሷስ?»

ወደ ማዶ ዞሬ አየሁ። የስንዱም ቤት ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። መንገዱ ግን ለሳቸው በምሥራቅ፣ ለሷ በምዕራብ ነው። አንድ ፕላን ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ቆሞ ጀርባና ፊቱ ተለዋውጧል። እሳቸው ሳሎን ውስጥ ፀሐይ በምትገባበት ሰዓት፣ ስንዱ ቤት ፀሐይ የሚያገኘው ከኋላ ያለው ስቶር ነው።

«ፕላኑን ወሰዳችሁ፣ ፀሐይዋን ግን እኔ ጋ ትታችኋት ሄዳችሁ» አሉ ኦቦ ገመቹ። «አባቴ ጎጆ ሲሠራ ሦስት ጠዋት መሬቱ ላይ ቆሞ ነበር። ልጆቼ ይኼን ሲሠሩ ቁሙ አልኳቸው፤ ሳቁብኝ፤ ግን ቆሙ።» ከዚያ ጣታቸውን አነሡ፤ «ደግሞ ፎቅ እንዳትጨምሪብኝ!»

እዚያው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ግንበኛው መሰለ ይባላል፤ ዝምተኛ፣ ምላሱን ለምሳ ብቻ የሚጠቀም ዓይነት ሰው ነው። የቤቱን ጀርባ አሳየኝ። ስቶር የተባለው ክፍል ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከኋላው መሬቱ ወደ ወንዙ ስለሚወርድ ሊጋርደው የሚችል ነገር የለም። ውስጡ ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ነበር። የሲሚንቶ ከረጢቶች ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ስንዱ፣ የእማዬን ክፍል እዚህ አድርጊው። ስቶሩን ወደ ፊት አምጪው።»

«ምን?»

«ጠዋት የምትሞቀው ይኼ ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ከሆነች ሂተር ልትገዢላት ነው።»

«እገዛላታለኋ! ሶላር አስገባለሁ። ጋሼ፣ ምን እያልከኝ ነው? ሰው ቤቴ ሲመጣ እናትሽ የት ናት ሲለኝ፣ ጓሮ፣ ስቶር ውስጥ ልበል? እናቷን ከጤፍ ጋር ከተተቻት ይሉኛል እኮ!»

«ጤፍ የሚሉሽ ሰዎች ብርዱን ይበርዱላታል?»

«አንተ ሁልጊዜ ሰውን መቃወም ነው ሥራህ። እኔ ደግሞ ሰው መሃል ነው የምኖረው።»

ይኼኛው እውነት ነበር። በእኛ አገር ቤት ፊትና ጓዳ አለው፤ ክብር ፊት ላይ ነው የሚቀመጠው። ኦቦ ገመቹ ዘንድ ክብርና ፀሐይ በአንድ በር ይገባሉ። እህቴ ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ተባለች፤ ያውም ለእናቷ። ግድግዳ ሲቆም አይታ ማልቀስ የቻለችን ሴት «ተሳስተሻል» ማለት ቀላል አይደለም። ተኮራርፈን ሽሮ በላን።

ቀኑ ዞረ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ መንገዱ በኩል ወረደችና በዚያ በር በሚያህል መስኮት ገባች። ለእናታችን የታሰበው ክፍል ውስጥ ሲሚንቶ እያቦካ የነበረው መሰለ አንዴ ዐይኑን ጠረገ፣ ሁለቴ ጠረገ፣ ከዚያ ባዶ ጆንያ አንሥቶ በሁለት ምስማር መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ክፍሉ ውስጥ ጥላ ወረደ።

«ምን እያደረግክ ነው መሰለ?» አለች ስንዱ።

«ዐይኔን አጠፋችው እትዬ። ሲሚንቶውም ሳልደርስበት እየደረቀ ነው።»

ስንዱ ጆንያውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «የቤቴ የመጀመሪያ መጋረጃ» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀረ። እናታችንን እዚያ ውስጥ፣ ጠዋት ሁለት ጋቢ ደርባ፣ ከሰዓት መጋረጃ ዘግታ፣ በቀን አምፖል አብርታ እያየቻት ነበር። እኔም አየኋት። 

«የስቶሩ ግንብ ስንት ረድፍ ብሎኬት ላይ ደርሷል?» ብላ ጠየቀች።

«ሰባት። ለስቶር ትንሽ መስኮት ከላይ ነበር የታሰበው» አለ መሰለ።

ሲባጎውን ከኪሴ አወጣሁ። መሰለ ጫፉን ወለሉ ላይ አስረግጦ ወደ ላይ ሳበው። ቋጠሮው አምስተኛው ረድፍ አናት ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይኼ የማን ሜትር ነው?»

«የእናቴ ትከሻ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሁለት ረድፍ ይወርዳል። የትናንት ግንብ ነው፤ ብሎኬቱ ሳይሰበር ይወጣል።» የመጀመሪያውን ሲያነሣ ስንዱ ፊቷን አዞረች።

ሁሉንም አላሸነፍኩም። ሳሎኑ ይጥበብ፣ የፊቱ መስታወት ይነስ ስላት «ሳሎኔን አትንካብኝ» አለች። የበረንዳውን ጣሪያ ግን ታስረዝመዋለች፤ ጥላው ለመስታወቱ ይበቃዋል። ስለያት እጄን ይዛ፣ «ለእማዬ አንተ ንገራት። እኔ ጓሮ ነሽ የምልበት አፍ የለኝም» አለችኝ።

ወደ ቤት

በመልስ ላፍቶ ላይ ሰማያዊው ሕንፃ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዟታል። ፎቆቹ ሁሉ መጋረጃ ዘግተዋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ አምፖል በርቷል። የኛ ጭቃ ቤት ጀርባውን ነበር ለዚህች ፀሐይ የሚሰጣት።

እናቴ በርጩማዋን ይዛ ገብታ ነበር። አልጋዋ ላይ ሆና ጠበቀችኝ።

«አየኸው?»

«አየሁት። ቦታ ቀይረናል እማዬ። ከኋላ ነው የሆነው።»

«ጓሮ?»

«ስቶር ሊሆን የነበረው።»

 የጋቢዋን ጥለት በጣቷ ትከተል ጀመር።

«ስንዱ ናት ያለችው?»

«እኔ ነኝ። እሷ ተጣልታኛለች።»

«ምን ይታየዋል?»

«የጤፍ ማሳ። ወንዙ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ። ላሞች።»

«ፀሐይዋስ እስከ የት ትገባለች?»

«ሰንዱቅሽን እስከምታስቀምጪበት ድረስ።»

 ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሥዕል የሌለበት፣ መስኮት የሌለበት ግድግዳ ነው፤ ምን እንዳየችበት እኔ አውቃለሁ።

«እንግዲያው ፊቱ ለእንግዳ ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ሲባጎዬስ?»

«መሰለ ምስማር መትቶ ግድግዳው ላይ አሰረው። መስኮቱን እስኪጨርስ አይፈታውም።»

«ሜትር አለው አላልክም?»

«አለው። አንቺን አያውቅሽም።»

ከጉዞው ያመጣሁት ይኼን ብቻ ነው፦ ቤት የሚሞቀውም የሚበርደውም ብሎኬት ሳይገዛ በፊት፣ ፊቱ ወዴት ይሁን ሲባል ነው። እዚያ ላይ የተሳሳተውን ገንዘብ አያርመውም።

አንተም፣ አንቺም፣ ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ሁሉ፦ የጎረቤታችሁን ፕላን መልሱለት። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባዶው መሬታችሁ ላይ ቁሙና ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትመጣ እዩ።