የደግሰው ይበል

ደግሰው ከቅኔ ቤት የወጣው ቅኔው ስላልገባው ነው። እሱ ግን «ዘመኑን ቀድሜ ነው የወጣሁት» ይላል። ላሊበላ ላይ ከገበያው በላይ ኮምፒውተር ቤት ከፍቶ ማመልከቻ ይተይባል፣ ለስልክ መዝሙር ይጭናል፣ ደንበኛ ሲያጣ ደግሞ እኛን ጎረቤቶቹን ስለ ቴክኖሎጂ ያስተምራል። በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ገደማ አንድ ቱሪስት ስለ ፖድካስት ነገረውና እንቅልፍ አጣ። ያለ ሬዲዮ ጣቢያ ሬዲዮ መሆን ይቻላል ተብሏል። የሚናገረው ነገር ስለሌለው የኔታን እቀዳለሁ አለ።

የኔታ ወልደ ኪዳን የቅኔ መምህራችን ናቸው። ተማሪዎቻቸው ከፍላቂት እስከ አዲስ አበባ ተበትነዋል። አርጅተዋልና ድምፃቸው ሳይጠፋ ለልጆቻቸው እንዲደርስ ፈልገው እሺ አሉ።

«ነገር ግን ቅኔ አይደገምም» ብለው አስጠነቀቁት። «የያዝኸውን ያዝ፤ ያመለጠህ አመለጠህ።»

ደግሰው ለዚህ የሚመጥን የመቅጃ ፕሮግራም ሲመርጥ ዓመት ፈጀ። አንዱን ነጻ ስለሆነ ናቀው። ሌላውን ወልዲያ ድረስ ወርዶ በሲዲ አስገለበጠና ኮምፒውተሩን በቫይረስ ሞላው። ሦስተኛው የወንድን ድምፅ የሴት ያደርጋል ብሎ የራሱን እየቀየረ ሲስቅ ከረመ።

«አንዱን ያዝና ቅዳቸው እንጂ» አልኩት።

«አንተ በግ ስትገዛ ጥርሱን አታይም?» አለኝ።

አያለሁ፤ ግን አይቼ እገዛለሁ። ሲመርጡ ሲመርጡ ከምራጭ መውደቅ እንደሚባለው፣ በመጨረሻ ከተናጋሪው በቀር ያለውን ድምፅ ሁሉ የሚያጠፋውን ፕሮግራም መረጠ። ጥራት ማለት ይህ ነው አለን።

የኔታ በቅኔ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ተቀኙ። ተማሪዎቹ በየስንኙ «ይበል፣ ይበል» እያሉ ተቀበሏቸው። እኔም ነበርኩ፤ እንደዚያ ያለ ቅኔ ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም። ደግሰው የቀዳውን ወስዶ በፕሮግራሙ አጠበው። የመጀመሪያውን ቅጂ ቆሻሻ ነው ብሎ ደመሰሰው።

የታጠበው ቅጂ በሜሞሪ ካርድ ተገልብጦ በየስልኩ ተዳረሰ። የኔታ ይቀኛሉ፤ ዝም። ደግመው ይቀኛሉ፤ አሁንም ዝም። በእኛ አገር ተቀኝቶ ይበል ያልተባለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጥ። ፍላቂት ላይ «ላሊበላዎች በስተርጅና አዋረዷቸው» ተብሎ ተወራ። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ደውሎ «ምን አጥፍተው ነው?» አለኝ።

የኔታ ደግሰውን አስጠሩት።

«ልጆቼን የት አደረስኻቸው?»

«የኔታ፣ ፕሮግራሙ ጫጫታ መስለውት ነው።»

«አንተስ ምን መሰሉህ?»

ደግሰው ዘዴ አያጣም። ምስጋኑ የሚባለውን ተማሪ አንድ ጊዜ ይበል አስባለና ያንኑ ድምፅ እየገለበጠ በየቦታው ለጠፈው። ቅኔው ስለማይገባው፣ ስንኙ ሳያልቅ ይበል አለበት። የኔታ ሲያስሉም ይበል አለ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ ሰው ግን ይስቅ ነበር፣ ካርዱም ከፊተኛው ይልቅ ተፈለገ።

ከሁሉም አብልጦ የወደደው ንግግሩን የሚያስቀዳ አንድ ሹም ነው። ሕዝቡ አንድ ለአምስት ተደራጅቶም ስብሰባ ላይ ማንቀላፋቱን አልተወም ነበርና፣ «ያችን ድምፅ ለእኔም አድርግልኝ» አለው። ሹሙ ስለ ማዳበሪያ ባደረገው ንግግር ላይ፣ ምስጋኑ በአካባቢው ሳይኖር ሲደግፈው ዋለ። ደግሰውም ባለሙያ ተብሎ ተቀጠረ፣ ለየበዓሉም ድምፅ ማጉያ ይዞ ይላክ ጀመር።

በዓመቱ ለንግሥ የኔታ ለመቀኘት ተነሡ። የመጀመሪያው ስንኝ እንዳለቀ ሁላችንም ይበል አልን፤ ከልባችን ነበር። የኔታ ግን አቆሙ። በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ከማጉያው ጋር የቆመውን ደግሰውን አዩና ወደ እኛ ዞሩ።

«ይሄ የእናንተ ነው ወይስ የእሱ?» አሉ።

«የእኛ ነው፣ የኔታ» አልን ተሽቀዳድመን።

ምስጋኑ እንዲያምኑን ብሎ ከሁላችን በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይበል!» አለ። ቁርጥ ካርዱ ላይ ያለው ድምፅ ነበር። የኔታ ቅኔውን ሳይጨርሱ ተቀመጡ።