አባቴ አንዴ ብቻ የተሻገረው ድልድይ

እርጥብ ሙጫ በሸተተኝ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል። ከአባይ ማዶ፣ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ እንላት በነበረችው በዛሬዋ ጭሮ ፖስታ ቤት ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ ማታ ሲገባ ጣቶቹ ቴምብር ቴምብር ይሸቱ ነበር።

አንዱን ቴምብር ግን ገዝቶ አምጥቶ ከመስታወታችን ጥግ ሰክቶት ነበር። የአባይ ድልድይ ሥዕል ነበረበት። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦኝ፣ በትንሿ ጣቱ ጥፍር ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር እየተከተለ፣ «ከዚህ ማዶ አያትሽ አለች» ይለኝ ነበር። እኔም አያቴ ከቴምብሩ ጠርዝ ጀርባ ቁጭ ብላ የምትጠብቀን ይመስለኝ ነበር።

«መቼ ነው የምንሄደው?»

«ዝናቡ ያቁም።»

መስከረም ይጠባል፣ ዝናቡ ያቆማል፣ እኛ ግን አንሄድም ነበር። አንዱን ዓመት ፈቃድ ከለከሉት፤ በሌላው እናቴ ወንድሜን አርግዛ መንገዱን ፈራችው። በመጨረሻ፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ጓዛችን ታስሮ፣ ለእኔም አዲስ ሸራ ጫማ ተገዝቶልኝ ልንነሳ ስንል፣ አባቴ በጠራራ ፀሐይ ከሥራ ተመልሶ መጣ። ከአገሩ የመጣ ሰው መርዶ ነግሮት ነበር፤ አያቴ ከተቀበረች ሰንብታለች። ከጭሮ ብዙም በማትርቀው በደሳ ከተማ ተወልዳ ያደገችው እናቴ፣ አይታት የማታውቃትን አማቷን በኦሮምኛ እያነሳች አለቀሰችላት። አባቴ አላለቀሰም።

«ሄደን መቃብሯን እንይ እንጂ» አለችው።

«አሁን ማን ሊቀበለኝ?» አለ።

ከዚያ ወዲህ የድልድዩን ነገር አላነሳም፤ በጋውን ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ይቀመጥ ነበር።

አምና፣ አርጅቶ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ፣ እጄን ይዞ «ልጄ፣ እናቴ አጠገብ ቅበሪኝ» አለኝ። ጎጃም ላለው የአጎቴ ልጅ ደወልኩለት።

«እህቴ፣ እንዳትመጡ» አለኝ። «መንገዱ ላይ ተኩስ አለ፣ ሰው ይታገታል። እኛም ከመንደር አንወጣም።»

ሹፌሩ ጎረቤታችን አብዲም ሰምቶ መጣና፣ «ወላሂ፣ መንገዱ ሰላም ቢሆን እኔው ራሴ አደርሳቸው ነበር» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ተመልሼ ከአባቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ትንሽ ይሻልህና እንሄዳለን፣ አባባ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «አትዋሺኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። እዚሁ ጭሮ ቀበርነው፤ አብዲም ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆኖ አፈር አለበሰው።

በልጅነቴ ያ አገር ሩቅ ይመስለኝ ነበር እንጂ የማይደረስበት አይመስለኝም ነበር። ያኔ በፈቃድ ማጣትም ሆነ በእርግዝና ስንቀር፣ ጓዙን ፈትተን፣ «እንግዲህ ለከርሞ» ብለን እንጽናና ነበር። ዛሬ ቤታችን ውስጥ ለከርሞ የሚል ሰው የለም።