የእናቴን ሻይ የጠጣሁባቸው ሦስት ወራት

ሐኪሙ «በቀን ስንት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣሉ?» ሲላት፣ እናቴ ዓይኗን ሳታሽ «አንድ» አለች። አልዋሸችም። በየቤቱ አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የምትጠጣው። በቀን ስድስት ሰባት ቤት እንደምትገባ ግን እሱ አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችውም። እኔ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ በአስተርጓሚነት ስለምሠራ የዚያን ቀንም ሥራዬን በታማኝነት ተወጣሁ፤ «አንድ ትላለች» አልኩት። ከዚያ አንጀቴ አልችል አለኝና ቤቶቹን በጣቴ እየቆጠርኩ ዘረገፍኩለት። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ «ሰላይ» ትለኛለች።

ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት የእግሯ ጣት ላይ ያለች ትንሽ ቁስል ወር አልፏት አልድን ብትል ነበር። ስኳሯ ሰማይ ነክቶ ተገኘ። ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን፦ ኪኒኑን በሰዓቱ ካልዋጠችና ጣፋጩን ካልተወች ጣቷን፣ ምናልባትም እግሯን ልታጣ ትችላለች። ይህን ቃል በቃል ወደ ኑዌርኛ መለስኩላት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የመስኮቱን መጋረጃ ታያለች።

እናቴ በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች የጸሎት ቡድን መሪ ናት። የምንኖርበት ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ የታመመ፣ የወለደ ወይም ያዘነ ካለ ሳትጠይቅ አታድርም። በሰፈራችን ደግሞ እንግዳ ሳይጠጣ አይሸኝም። ሻዩ ከድንበር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን እንደለመዱት ከስኳሩ ጋር አብሮ ይፈላል፤ ማንኪያ ብታቆሙበት የሚወድቅ አይመስለኝም። ያን ብርጭቆ ሳይነኩ መመለስ ቤቱን መናቅ ነው። «ለልጆቿ የነፈገችውን ስኳር ለእኔ ከጨመረችልኝ፣ እንዴት ብዬ እምቢ እላታለሁ?» ትለኛለች። ታምሜያለሁ ማለቱንም አትፈልግም። «ለታመመ የምጸልየው ሴትዮ ታመምኩ ብዬ በየት በኩል ልጸልይ?»

መጀመሪያ ስኳር የሚተካውን ጣፋጭ ኪኒን ልሞክር አልኩ። ሰፈራችን ያለውን የወሎ ሰው፣ ባለሱቁን ጠየቅሁት። «ወላሂ እህቴ፣ ስኳር ሸጦ አዳሪውን ሰው ነው ይህን የምትጠይቂው?» ብሎ ሳቀና ከባንኮኒው ሥር የራሱን ብልቃጥ አወጣ። እሱም ታማሚ ነው ለካ! ከዚያችው ላይ ቆጥሮ ሰጠኝ። እናቴ በማግስቱ አንዷን ፍሬ ይዛ ሄደችና፣ ስኳሩ አብሮት በፈላው ሻይ ውስጥ የቤቱ እመቤት እያየቻት ጣል አደረገቻት። ሴትዮዋ ክው አለች። «ውይ ማማ፣ ስኳሩ አነሰሽ?» ብላ ሦስት ማንኪያ ደረበችበት። እናቴም ሰው ላለማሳፈር ጨልጣ ጠጣችው።

ቀጥሎ አቦቦ ያለችው አክስቴ «ማር እኮ ስኳር አይደለም» ብላ አንድ ጣሳ ማር ላከች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ማርም ሆነ ስኳር ደም ውስጥ ሲገባ ያው እንደሆነ አስቀድማ አስጠንቅቃን ነበርና ጣሳውን ነጠቅኳት። ማን ጨረሰው ብላችሁ አትጠይቁኝ።

በመጨረሻ የተስማማንበት ዘዴ የራሷ የእናቴ ነው። ከሥራ ስመለስ አብሬያት እዞራለሁ፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሻዩ ይቀርባል፤ እሷ ከንፈሯን አርሳ ታስቀምጠዋለች፣ እኔ የራሴን ቶሎ እጨርሳለሁ። ከዚያ እናቴ «እንጸልይ» ትላለች። ዓይን ሁሉ ይከደናል። እኔ ያን ጊዜ የእሷን ብርጭቆ አንስቼ ጭልጥ! ባዶውን ሳስቀምጥ በክርኔ ነካ አደርጋታለሁ፣ እሷም «አሜን» ትላለች። ሻዩ ትኩስ ከሆነ ጸሎቱ ይረዝማል። አንድ ቅዳሜ አፌን ሊልጠኝ ሲደርስ፣ ለአራስዋ የተጀመረው ጸሎት መላ አፍሪካን አዳርሶ የባሕር ተጓዦች ላይ ደርሶ ነበር። የቤቱ ሰዎችም «ዛሬ መንፈስ ቅዱስ በማማ ላይ ወረደ» አሉ።

በሦስተኛው ወር ጤና ጣቢያ ተመልሰን ሄድን። የእናቴ ስኳር ወርዷል፣ ቁስሉም ደርቋል። ደስታዬን አልችለው አልኩ፤ ጣቷን ያዳንኳት ራሴ ነኝና እንደ ዶክተር ተኮፈስኩ። ነርሷ «በሽታው በዘር ይመጣል፤ ሳልረሳው አንቺንም ልለካሽ» ብላ ጣቴን ወጋችኝ። መሣሪያውን አየችው፣ እንደገና አየችው። ጠዋት ምንም አልቀመስኩም ነበር።

«ገና አልያዘሽም፤ ግን የበሽታው ደፍ ላይ ቆመሻል። ምንድን ነው የምትወስጂው?» አለችኝ።

አማርኛ ሲያሻት ብቻ የሚገባት እናቴ አንድም ሳታስቀር፣ ጸሎቱንም ማሩንም ተናዘዘችልኝ። ነርሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» አለችኝ። እኔ ካምፕ ውስጥ ለሰው ሁሉ «ጣፋጭ ቀንሱ» እያልኩ የምተረጉመው ሴትዮ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ቀድማ ተራመደች፤ ተናዳብኛለች ብዬ እኔም ተናደድኩ።

ከዚያው ባል ሞቶባት ገና ወር ያልሞላት ሴት ቤት ገባን። ሻይ መጣ። የእኔን ላነሳ ስል እናቴ እጇን ብርጭቆዬ አፍ ላይ ከደነችበት። ጸሎት አልጀመረችም። ስድስት ሰባት ሴቶች እያዩዋት፣

«ልጄ፣ አልናቅሁሽም» አለቻት ሴትዮዋን። «ስኳር በሽታ አለብኝ። ይቺንም ላስይዛት ነው። ለሁለታችንም ውሃ ስጪን።»

ሴትዮዋ ጭንቅ ብሏት ብርጭቆዎቹን አነሳችና «እሺ ማማ፤ ውሃው ላይ ትንሽ ስኳር ላድርግበት?» አለች።

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ፣ ቀጥሎም ያለቀስኩት እኔው ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጣቷ ብዬ ስለምናት ከአፏ ያልወጣው ቃል፣ የእኔ ነገር ሲሆን አንድ ቀን እንኳ አላደረም።