አባቴ ያልተናገሩት

ከአረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። አባቴ ጉና ሥር ገብስ አራሽ ቢሆኑም አገሩ የሚያውቃቸው በሽማግሌነታቸው ነው። በዚያ ዓመት ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦችን ለማስታረቅ ብዙ ደክመው፣ የእርቁ ቀን ተቆርጦ ነበር።

አንድ ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ሰጠችኝ። “ያንቺ አባት አይደሉም?” አለችኝ።

የአባቴ ድምፅ ነበር። “የሟች ወገን ፈሪ ስለሆነ ነው እርቅ የለመነው” ይላል። በየመሃሉ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት እንኳ አልቀረም። ወዲያው ለአባቴ ደወልኩና አሰማኋቸው።

“እስቲ ድገሚው” አሉኝ። “ድምፁስ የእኔ ነው” አሉ በመጨረሻ፤ “እኔ ግን አላልሁም።”

ኮምፒውተር የሚያውቅ ጎረቤቴ ነገሩን አስረዳኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር የሰውን ድምፅ ጥቂት ከሰማ ያላለውን ያናግረዋል። አባቴ ደግሞ በየለቅሶው ሲናገሩ የማይቀዳቸው አልነበረም። ለመንግሥት ቢሮ ባመለክት ኃላፊው አዘነልኝ፤ “ግን ማን እንደሠራው ካልታወቀ ማንን እንክሰስ? ሕጉም ገና አልደረሰበትም” አለኝ።

በማግስቱ አባቴ ወደ ሟች እናት ቤት ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። የሟች ወንድም ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባም አለ። እናትየዋ ከውስጥ ወጡና አባቴን ትክ ብለው አዩዋቸው።

“ፈሪ ብለውናል?”

“አላልሁም፣ እመቤቴ።”

“ይምሉልኛል?”

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስምሉ እንጂ ሲምሉ አይቼ አላውቅም። ቃላቸው ይበቃ ነበር። ፊታቸው ጠቆረ፤ ቢሆንም “እምላለሁ” አሉ። ሟቹ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ አባቴ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በሩን ይዘው ማሉ። እናትየዋ አለቀሱ። ጠመንጃ እንዳነገተ የተከተለንን ልጃቸውን “በቃ፣ አውርደው” አሉት። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

እርቁ በቀኑ ወረደ። ድምፁን ማን እንደሠራው ግን እስከዛሬ አላወቅንም።

የማሉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊት ሄዱ። እቤት ስንደርስ “ካልማልሁ የማልታመን ከሆነ፣ ምኑን ሽማግሌ ሆንሁ?” አሉኝ።

አሁንም ሰው ሲጣላ ወደ እሳቸው ይመጣል። ተቀብለው ያበሉታል፣ ያጠጡታል፤ ከዚያ ከወንዝ ማዶ ወዳሉ ሌላ ሽማግሌ ይልኩታል።